የመጋረጃው ካፖርት

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ልብስ ነበር፤ የትምህርት ቤት፣ የክት እና የመንገድ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እኩዮቼ ሁሉ ያውቋቸዋል። የመንገድ ልብስ የሚባለው ግን በኮልፌ ሰፈራችን ከእኛ ቤት በቀር የነበረ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም የፈጠረችው እናቴ ናት። ከአዲስ አበባ የሚያስወጣ ጉዞ በመጣ ቁጥር እማዬ የስፌት መኪናዋን ከመኝታ ቤቱ ጥግ ጎትታ ሳሎኑ መስኮት ሥር ታስቀምጥና ወለሉን ጠርጋ ጨርቅ ትዘረጋለች። አዲስ ካኪ ሲቀደድ የሚያወጣው ድምፅ፣ የመኪናው ዘይትና በከሰል ካውያ የተተኮሰ ጠርዝ ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ ጉዞ ጉዞ ይለኛል። ሌላው ሰው ጉዞን የሚያስታውሰው በናፍጣ ሽታ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ጉዞው የሚጀምረው ከወለሉ ላይ ነበር።

እማዬ ሙያዋ ልብስ ሰፊነት አልነበረም። የምትሰፋው ለእኛና ለምትወዳቸው ጎረቤቶቿ፣ ያውም ደስ ስለሚላት ነው። በሌላው ቀን ቁጥብ፣ ሰው ፊት ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ከንፈሯ መሐል ስፒል ይዛ ታንጎራጉራለች። የቆረጠችውን ጨርቅ ወደ ብርሃን አንስታ ታየውና ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ታናሽ ወንድሜ ሚኪ ከፔዳሉ አጠገብ ተጋድሞ የእግሯን ከፍ ዝቅ እያየ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። እኔ ደግሞ የተረፈውን ቁርጥራጭ ለቅሜ ለአሻንጉሊቴ ሻሽ እሠራለሁ። እነዚያ ቀናት በቤታችን ማንም የማይቆጣባቸው ቀናት ነበሩ።

ልብሱ ካለቀ በኋላ ፈተና ነበረው። ለብሰን እንቆምና እማዬ ታዝዘናለች። ቁጢጥ በሉ፣ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ዝለሉ፣ ወንበሩ ላይ እግራችሁን አጥፋችሁ እንደተኛ ሰው ሁኑ። የሆነ ቦታ ከያዘን፣ ብብታችንን ከቆረጠን ወይም ወገባችንን ካጠበቀን ወዲያው ታስወልቀንና ስፌቱን ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች። ጉልበቱ ድርብ ነው። ጠርዙ በሚቀጥለው ዓመት እንዲለቀቅ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ገበሩ ካረጀ ብርድ ልብስ ስለሚወጣ ይሞቃል። ከአንገቱ ውስጥ በቀይ ክር ስማችንንና ሰፈራችንን ትጠልፍበታለች፤ ብንጠፋ ያገኘን ሰው ወዴት እንደሚመልሰን እንዲያውቅ።

ለጎረቤት ሴቶች የምትሰፋው የመንገድ ቀሚስ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ የሚቀናበት ነበር። ደብዘዝ ያለ ቀለም ባለው ጠንካራ ጨርቅ የተሰፋ፣ ከወገቡ በታች በጣም ሰፊ ነው። ስፋቱ ለምን እንደሆነ የነገሩኝ ወደ ወለጋ ዘመድ ጥየቃ የሚመላለሱት ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ ናቸው። በዚያ ዘመን የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲቆም ወንዱ ጎማው ሥር ይሄዳል፤ ሴቷ ግን ቁጥቋጦ ፍለጋ ትንከራተታለች፤ ሾፌሩም ጥሩንባውን ይነፋባታል። በእናቴ ቀሚስ ግን ሜዳ ላይ ቁጭ ብለሽ እንደ ንግሥት በክብር ትነሻለሽ አሉኝ እትዬ ጫልቱ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እየሳቁ። ለእማዬ ከዚያ በላይ ምስጋና አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ግን ናፍቆኝ ብቻ አይደለም። ተናድጄ ነው። በቅርቡ አየር ጤና፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ቤት፣ ስለ እናቴ አንድ ታሪክ ተነግሮ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ በየሰርጉና በየክርስትናው ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜም ከመሐሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ የሚጎድለውም ሁልጊዜ ያው ነው። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልናገረው።

አንድ ዓመት ጥር ላይ የአባዬ ታናሽ እህት ጎጃም፣ ከደጀን አለፍ ብላ ባለች ከተማ ልታገባ ሆነ። ሁላችንም እንድንሄድ ተወሰነ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሚኪ ገና አራት አልሞላውም። ሚኪ ደረቱ ደካማ ነበር። ብርድ ከመታው ትንፋሹ ያፏጫል፣ ጎኑ ይገባል ይወጣል፣ ከንፈሩም ይጠቁራል። ስለዚህ እማዬ የዚያን ጊዜውን የመንገድ ልብስ ከምንጊዜውም በላይ ተጠበበችበት። ለሚኪ ደረቱ ላይ ሦስት ድርብ የሆነ፣ አንገቱ እስከ ጆሮው የሚደርስ ጃኬት ሰፋችለት። ለብሶት ስትፈትነው ላብ በላብ ሆኖ ሲያወልቀው አጨበጨበች።

ሥራው ሊያልቅ ሲል የአባዬ ታላቅ እህት ጥሩነሽ መጣች። እንደ ደንቡ አንቱ ልላት ይገባል፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። አየር ጤና የልብስ ሱቅ ነበራት። አባዬ ወላጆቹን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ፊቷ ሲቀርብ ቀና ብሎ አያወራም። ወንበር ላይ ሳትቀመጥ ቆማ፣ የተደረደሩትን ልብሶች በጣቷ ጫፍ እያነሳች አየቻቸው። ከሙሽራው ወገን የሆኑ ሰዎች በዚያው አውቶቡስ አብረውን እንደሚሄዱ፣ እነሱም ከመጀመሪያው እንደሚያዩን ነገረችን። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረች።

«አስካለ፣ እነዚህን ልጆች ስደተኛ አስመስለሽ ነው ወይ ይዘሽ የምትመጪው?»

እማዬ የጎጃም መንገድ በጥር ውርጭ እንደሆነ፣ የሚኪን ደረትም እሷ ራሷ እንደምታውቀው በአክብሮት መለሰችላት። ጥሩነሽ አልሰማቻትም። ያየችው አባዬን ነበር። አባዬም ወለሉን አየ።

በማግስቱ ማታ ከሥራ ሲመለስ ትልቅ ፌስታል ይዞ መጣ። ከእህቱ ሱቅ ነው። ለእኔ ሮዝ፣ ባለ ዳንቴል፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ የናይለን ቀሚስ፤ ለሚኪ ቁምጣ፣ ስስ ነጭ ሸሚዝና ትንሽዬ ክራቫት። ልዋሽ አልፈልግም፤ ሮዙን ሳየው ልቤ ዘለለ። እማዬ ጨርቁን አሸት አሸት አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችውና፣ ጥሩ ነው፣ ስንደርስ ይለብሱታል፣ መንገዱን ግን በእኔ ልብስ ይሂዱ አለችው። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ነበር። እኔም እማዬም እንደዚያ ነው የተረዳነው።

ጉዞው ሊሆን ሲል ንጋት ላይ ግን ሐሳቡን ቀየረ። አውቶቡስ ተራ ስንደርስ የሙሽራው ዘመዶች ስለሚያገኙን ከቤት ስንወጣ አዲሱን ለብሰን መውጣት አለብን አለ። እማዬ ከመጨቃጨቅ ብላ አለበሰችን፤ የመንገዱን ልብስ በአንድ ቦርሳ አጭቃ፣ ከከተማ እንደወጣን እንደምትቀይርልን በጆሮዬ ነገረችኝ። አውቶቡስ ተራ ግርግሩ ሌላ ነው። ጥሩነሽ ረጅም የሱፍ ካፖርት ለብሳ ዕቃ ታስጭናለች። የሙሽራዋ ስጦታ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ፤ ሻንጣው፣ ድስቱ፣ በላስቲክ የተጠቀለለው ባለ አበባ ብርድ ልብስ። እማዬ ሚኪን አቅፋ ወንበር ስትይዝ አባዬ ቦርሳችንን ከእጇ ተቀብሎ «እኔ አስጭነዋለሁ» አላት።

ፍቼን አልፈን ብዙም ሳንሄድ አውቶቡሱ አንድ ሁለት ጊዜ ተንገራግጮ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ሥሩ ገባና ፍሪሲዮኑ እንደተቃጠለ ተናገረ። ረዳቱ መለዋወጫ ሊያስመጣ ባለፈ መኪና ወደ ኋላ ተመለሰ። ዙሪያው ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ። ቀለል ያለ ዕቃ የያዙት፣ ጋቢና ቡልኮ የለበሱት መንገደኞች አንድ በአንድ አላፊ መኪና እየለመኑ ሄዱ። የቀረነው የሰርገኛው ወገን ብቻ ነበርን፤ ያን ሁሉ ስጦታ ትቶ የሚሄድ ስላልነበረ። የሁላችንም ልብስ የሰርግ ልብስ ነው።

ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። የሰላሌን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆዳን አልፎ አጥንት ነው የሚፈልገው። የአውቶቡሱ መስኮቶች ግማሾቹ አልዘጋ ያሉ ናቸው። ሮዙ ቀሚሴ ገላዬ ላይ እንደ በረዶ ተለጠፈ። ሚኪ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ማሳል ጀመረ፤ ከዚያ ያ የማውቀው ፉጨት ከደረቱ መጣ። እማዬ ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችውና አባዬን ቦርሳውን እንዲያወርድላት ጠየቀችው። አባዬ አልተንቀሳቀሰም። ደግማ ጠየቀችው።

«ቦርሳው የለም» አላት። «ቦታ ስላልነበረ ከሸኚዎቹ ጋር ወደ ቤት መለስኩት።»

ቦታ እንዳልጠፋ ሁላችንም እናውቃለን፤ የጠፋው ጥሩነሽን እምቢ የሚልበት አቅም ነው። እማዬ ብትጮህ ይሻል ነበር። አልጮኸችም። ተነሥታ ወደ ጥሩነሽ ሄደችና ከላይ የተጫነው የሙሽራ ብርድ ልብስ ለልጁ ለጥቂት ሰዓት እንዲወርድለት ለመነቻት። ለመነቻት ነው የምላችሁ፣ እጆቿን አጣምራ። እናቴን እጆቿን አጣምራ ሰው ስትለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥሩነሽ ያለችው ቃል በቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ። «የሙሽራ ዕቃ መንገድ ላይ አይፈታም፤ ገዱ አይጥምም። ደግሞ የሕፃን ሳል ነው፣ ያልፋል።» ሱፍ ካፖርቷን አንገቷ ላይ ሰብሰብ አደረገችው። የሙሽራው ዘመዶች ወደ ውጭ ያያሉ። አባዬ እህቱን አየ፣ እማዬን አየ፣ እና «ትንሽ እንጠብቅ» አለ። ታሪኩ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጎድለው ይህ ነው። ብርድ ልብሱ ከጭንቅላታችን በላይ ነበር። በመሐላችን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው።

እማዬ ወደ አውቶቡሱ የኋላ ወንበሮች ሄደች። መጋረጃዎቹ ወፈር ያሉ፣ ቡናማ፣ አቧራ የጠጡ ነበሩ። የመጀመሪያውን ይዛ ሳበችው፤ ሽቦው ተበጥሶ ወረደ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አባዬ በሰው ፊት ምን እያደረገች እንደሆነ፣ ያበደች እንደምትመስል በሹክሹክታ ተቆጣት። ከበር የቆመው ሾፌር፣ ቱታው በግራሶ የጨቀየ ሽማግሌ ሰው፣ «ተዋት ወንድሜ፤ እኔ እጠየቅበታለሁ» አለውና ከመሣሪያ ሳጥኑ ምላጭ ፈልጎ ሰጣት። ስሙን አላውቀውም። በሕይወት ካለ እድሜ ይስጠው።

መርፌና ክር ሁልጊዜ ከቀሚሷ ኮሌታ ሥር ሰክታ ነበር የምትሄደው። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ መጋረጃዎቹን አራግፋ ሚኪን ላያቸው ላይ አስተኛችውና ያለ ሜትር፣ ያለ ጠመኔ፣ በዓይኗ ብቻ ለክታ በምላጩ ቆረጠች። እኔን ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጤፍ የተወቃበት አውድማ ላከችኝ። እዚያ የነበሩት ሴትዮ አማርኛ አያውቁም፤ እኔም ኦሮምኛ የማውቀው ከእትዬ ጫልቱ የሰማሁትን ያህል ነው። ሕፃን፣ ብርድ የሚሉትን ቃላት ስነግራቸው ሌላ ሳይጠይቁ በቀሚሴ ሙሉ ደረቅ ጭድ አሳቀፉኝ። ዳንቴሉ ጭድ በጭድ ሆነ። እማዬ ጭዱን በሁለቱ ጨርቆች መሐል እየጎሰጎሰች በመስመር በመስመር ሰፋችው፤ ወደ አንድ ጎን እንዳይጠራቀም።

እጆቿን ነበር የማየው። ፊቷን ማየት ፈርቼ ነበር። መርፌው ሲገባና ሲወጣ ክሩ ፍስስ ይላል፤ በጥርሷ ትበጥሰዋለች፤ ቀጥላ ትሰፋለች። እንደዚያ ፈጥና ስትሰፋ አይቻት አላውቅም፤ እንደዚያም ዝም ብላ። ጣቷን ወጋችው፣ ደሙን ጨርቁ ላይ ጠርጋ ቀጠለች። ያለቀው ነገር ካፖርት ነበር። ቆብ አለው፤ እጅጌው ጫፉ የተዘጋ ነው፣ የልጁ ጣቶች እንዳይወጡ፤ ከጉልበቱ በታች ይወርዳል። ሚኪን አስገባችውና እስከ አገጩ ጠቀመችው። ለእኔ ደግሞ በቀረው መጋረጃ መሐል ቀዳዳ አውጥታ በአንገቴ አስገባችልኝ። ከመስኮቱ ውስጥ የሚያዩን የሰርገኛ ሴቶች ሳቅ አመለጣቸው። እማዬ ቀና አላለችም።

ሚኪ ሞቀው፤ ፉጨቱ ግን አልቆመም። ፀሐይዋ ሳትገባ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ እህል የጫነ መኪና መጣ። እማዬ አስፋልቱ መሐል ቆማ አስቆመችው። ጋቢናው ውስጥ አራስ ሴት ስለነበረች ከላይ ጆንያው ላይ ካልሆነ ቦታ የለም አሏት፤ እሺ አለች። ከዚያ ወደ አባዬ መጣች።

«ልጄን ይዤ ወደ ሐኪም ቤት ልመለስ ነው። ትመጣለህ?»

አባዬ አፉን ከፈተ። ከኋላው ጥሩነሽ፣ እሱ ከሌለ እህቱን ማን ይድራታል፣ ለሰው ምን ይባላል አለች። አባዬ አፉን ዘጋ። እማዬ መልሱን ሳትጠብቅ ሚኪን ለሾፌራችን አቀበለችው፤ እሱም ተንጠራርቶ ከላይ ለነበረው ጫኝ ሰጠው። እኔን ከሥር ገፍተው አወጡኝ። መኪናው ሲነሣ አባዬ አውቶቡሱ ጥግ ቆሞ፣ ሁለት እጆቹን አንጠልጥሎ ያየን ነበር። በሕይወቴ ከሁሉም በላይ የምጠላው ምስል ይህ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ገብቶኝ እተወው ነበር።

ከጆንያው ላይ የነበረውን ነፋስ ልነግራችሁ አልችልም። ሚኪ ከካፖርቱ ውስጥ አፍንጫው ብቻ ይታያል። ፍቼ ከተማ ሐኪም ቤት ስንደርስ ወዲያው ተቀበሉን፤ መርፌ ወጉት፣ ኦክስጅን ሰጡት። ነርሷ ያን ነገር ልታወልቀው ስትሞክር ቁልፍም ዚፕም አጣች፤ ሙሉ በሙሉ የተሰፋ ነው። ምን እንደሆነ ጠየቀችን። እማዬ ካፖርት ነው አለቻት፤ ምላጭ ተቀብላም ክሩን ራሷ ፈታችው። በማግስቱ ሚኪ ሽሮ በላ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮልፌ ገባን። ቦርሳችን ሳሎኑ ውስጥ፣ የስፌት መኪናዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀን።

አባዬ ሰርጉም መልሱም አልቆ መጣ። ሚኪን አንሥቶ ሳመው፣ ለእኔ ዳቦ አመጣልኝ። ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ቦርሳው አንድ ቃል አልተነፈሰም። እማዬም አልጠየቀችውም። ምሳውን አቀረበችለት፣ ልብሱን አጠበችለት፣ ሲያመው አስታመመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለአባዬ አንድ ስፌት አልሰፋችለትም። ሸሚዙ ቁልፍ ሲወልቅ አጣጥፋ አልጋው ላይ ታስቀምጥለታለች፤ አጠገቡ መርፌና ክር። መጀመሪያ የተሳሳተች መስሎት ይመልስላት ነበር። ቆይቶ ገባው። ትልቅ ሰው፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ፣ ክር ለመሰካት ሲታገል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድም ጊዜ ይቅርታ የሚል ቃል ሳይወጣው ሞተ።

ከዚያ ይልቅ ታሪኩን ቀልድ አደረጉት። መጀመሪያ ጥሩነሽ ነች ያወራችው፤ ለሙሽራው ዘመዶች ነገሩን ለማቅለል ብላ ይሆናል። ገና ሰርጉ ሳያልቅ የእማዬ ዝና ጎጃም ደርሶ ነበር፤ የመንግሥት አውቶቡስ መጋረጃ ቀድዳ፣ ልጇን እንደ ጆንያ ሰፍታ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የተመለሰችው ሴትዮ። ቀልዱ ውስጥ ብርድ ልብስ የለም። የተመለሰ ቦርሳ የለም። ምክንያት የሌላት እብድ ሴት ብቻ አለች። ለዓመታት ሲነገር እማዬ ፈገግ ብላ ጎንበስ ትላለች። እኔም ዝም እላለሁ፤ እሷ ዝም ስትል ምን ልበል።

ባለፈው ግን፣ አየር ጤና፣ የጥሩነሽ የልጅ ልጅ ሽኝት ላይ፣ የጥሩነሽ ወንድ ልጅ ማይክ ይዞ ታሪኩን አወራ። አሁን ደግሞ አስመስሎ ይጫወተዋል፤ መጋረጃ ሲያወርድ፣ በጥርሱ ክር ሲበጥስ። ሰው በሳቅ አለቀ። ዞር ስል ሚኪም እየሳቀ ነው። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ያኔ ውስጤ የሆነ ነገር ተፈታ። ተነሣሁና ማይኩን ከሰውየው እጅ ወሰድኩት። የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ተናገርኩ። ቦርሳው የት እንደሄደ፣ ብርድ ልብሱ የት እንደነበረ፣ ማን እንደለመነና ማን እንደከለከለ። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። አንዱ ማንኪያ ሳህን ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ።

ጥሩነሽ ዛሬ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ከክብር ወንበሯ ሳትነሣ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሰናይት፣ አንቺ እኮ ያኔ ሕፃን ነበርሽ። ልጅ ምን ያስታውሳል» አለችኝ።

የመለሰችው እማዬ ነች። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ፊቷን ቀና አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

«ታስታውሳለች፣ እትዬ ጥሩነሽ። እኔም አስታውሳለሁ። እርስዎም ያስታውሳሉ።»

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ እኛም ተነሣን። ሚኪ መኪናውን እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ ነዳ። መብራት ይዞን ቆመን ሳለ በመስተዋቱ እማዬን እያየ፣ ለምን ሳትነግረው እንደቆየች ጠየቃት። አባትህን ትወደው ስለነበር አለችው። ሚኪ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩንባ ሲነፋበትም ወዲያው አልነዳም።

ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። በሳምንቱ የልጄ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ለጉብኝት ወደ ደብረ ብርሃን ሊወስድ ሆነና፣ ጃኬት ልገዛላት ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ሁሉም ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ስስ ነው። አንዱን ወደ ብርሃን አንሥቼ ስይዘው የሱቁ መደርደሪያ በውስጡ ታየኝ። ሻጩን ይህ ብርድ ይከላከላል ወይ ብዬ ተቆጣሁት፤ ወጣት ልጅ ነው፣ በትሕትና «ማዘር፣ ይሄ ለፎቶ ነው የሚያምረው» አለኝ። ልጄ ጓደኞቿ ሁሉ እሱኑ እንደገዙ ነገረችኝ። ሌላም ስላጣሁ፣ በገዛ እጄ ልሰፋላት ስለማልችልም ገዛሁት። በእናቴ ቤት አድጌ ቁልፍ ከመትከል ያለፈ አለመማሬ ያንገበግበኛል፤ እሷ ፊደሉን ይዘሽ ተቀመጪ፣ ስፌቱን ለእኔ ተይው ትለኝ ነበር።

ማታ ለእማዬ አሳየኋት። ዓይኗ ደክሟል፣ መርፌ መሰካት ከተወች ቆየች። ጃኬቱን ተቀብላ በጣቶቿ ዳሰሰችው፣ ገለበጠችው፣ ገበር ፈለገች፣ አጣች። ስፌቱን ሳብ ስታደርገው ሁለት ቦታ ተተረተረ። አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«ልጅቷ የምትሄድበት አገር ነፋስ አለው?» አለችኝ።

እኔ እንጃ አልኳት። እሷን የሚወስደው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ምሳ የት እንደሚበሉ፣ የትኛው መምህር አብሮ እንደሚሄድ ሁሉ ጠይቄ ነበር። ስለ ነፋሱ ግን አልጠየቅሁም፤ የጠየቀ ወላጅም አላየሁም።